በቦርከና ማዶ ሃምበርገር የፈለገ ሰው ግለሂስ

መጋቢት 26 ቀን 1980 ዓ.ም.
ኮምቦልቻ

ለተከበሩ ጓድ ሞላልኝ ደጉ
የቀበሌያችን ሊቀመንበርና የኅብረት ምግብ ቤት የበላይ ጠባቂ
በያሉበት

ጓድ ሊቀመንበር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ጨጓራዎስ? ጨጓራዎን ለይቼ መጠየቄ በእኔ ምክንያት በቅርቡ ያለፈበትን ፈተና ስለማውቅ ነውና እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ። እኔ ከቦርከና ወንዝ ማዶ ባለው አዲሱ ሰፈር ነዋሪ፣ በፋብሪካው የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ የሆንሁት ሸረፈዲን ጀላል፣ አላህ ይመስገን ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ ለጸሐፊዎ ከመስጠት ይልቅ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍሁበትን ምክንያት ወደ በኋላ ያገኙታል። ለጊዜው ከስኳር ዕደላው ማስታወቂያ ጎን ይህችን ባዶ ቦታ ስለተዉልኝ አመሰግናለሁ። ባለፉት ወራት ስኳር ባለመታደሉ ቦታው ሰፋ ብሎ ነው የጠበቀኝ። በየሳምንቱ ስብሰባ ግለሂስ አድርግ ስባል «አንዳንድ ጊዜ አረፍዳለሁ» ከማለት አልፌ አላውቅም ነበር። ዛሬ ግን የቆየውን ሁሉ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ አስመራ የነበረው የአሜሪካኖች ሰፈር በ1969 ዓ.ም. ሲዘጋ ሥራዬን አጥቼ ወደ አገሬ ተመለስሁ። ይዤ የመጣሁት ንብረት አንድ ብርድ ልብስና አንድ ቃል ነበር፤ ቃሉም «ሃምበርገር» ነው። የተፈጨ ሥጋ ተጠፍጥፎ፣ ተጠብሶ፣ በክብ ዳቦ መካከል እንደሚገባ በየጠላ ቤቱ ደጅና በየሻይ ቤቱ ያልነገርሁት ሰው የለም። «እዚያ የት ትሠራ ነበር?» ሲሉኝ «ማዕድ ቤት» እላለሁ፤ ይህ እውነት ነው። «ምን ታበስል ነበር?» ሲሉኝ «ሃምበርገር» እላለሁ፤ ይህ ውሸት ነው። ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ እዚያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያጠብሁት ሳህን ነው። ሃምበርገር የቀመስሁትም በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን እሱም ግማሽ ነበር፤ አንድ ወፍራም ሳጅን ነክሶ የተወው። የማን ሥጋ እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁም፤ አላህ ይማረኝ።

2ኛ/ በጥር ወር ባለቤቴን ዘይቱናን ታይፎይድ ጣላት። ትኩሳቱ በመርፌ ለቀቃት፤ የምግብ ፍላጎቷ ግን ከትኩሳቱ ጋር አብሮ ሄደ። ሾርባ ብንል፣ አጥሚት ብንል፣ እህቷ ከቢስቲማ ድረስ ማር ይዛላት ብትመጣ፣ ማንኪያውን አይታ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። የእጇ አምባር ወደ ክርኗ መውጣት ጀመረ። የጤና ጣቢያው ሐኪም ወደ ውጭ ጠርቶኝ «እንግዲህ መድኃኒቷ ምግብ ነው፤ በዚሁ ከቀጠለች ያሰጋታል» አለኝ። አንድ ቀን ጠዋት አጠገቧ ተቀምጬ ምን ላምጣልሽ፣ ያማረሽን ንገሪኝ ብላት ዓይኗን ገልጣ አየችኝና «አሥራ አንድ ዓመት በጆሮዬ ያበላኸኝን እስቲ አንድ ቀን በአፌ አጉርሰኝ» አለችኝ።

እዚያው እውነቱን መናገር ይገባኝ ነበር። እኔ ግን «እዚህ ምጣዱም ማሽኑም የለም እንጂ በሠራሁልሽ ነበር፤ ፈልጌ አመጣልሻለሁ» አልኋት።

3ኛ/ በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ፣ የሐረጎን ተራራ ጠመዝማዛ በአውቶብስ ወጥቼ ደሴ ገባሁ። ፒያሳ ላይ አንድ ጥሩ የሚባል ሆቴል ገብቼ፣ ድምፄን እንደ አዋቂ ዝቅ አድርጌ «ሃምበርገር አለ?» ብዬ ጠየቅሁ። የእንግዳ መቀበያው ሠራተኛ መዝገቡን ገለጠና በጣቱ እየተከተለ እስከ ታች ወረደ። «በዚህ ስም ያደረ እንግዳ የለም፤ ፈረንጅ ከሆነ ግን መታወቂያውን ሳናይ አናሳድርም» አለኝ። እኔም ምግብ መሆኑን ለመናገር አፍሬ፣ ምናልባት ነገ ይመጣ ይሆናል ብዬ ወጣሁ። ሰኞ ገበያ አጠገብ በሌላ ቤት «አለን» ብለው ያስቀመጡኝ አንድ ሰዓት ቆይተው ሳንቡሳ አመጡልኝ። ሳንቡሳው ጥሩ ነበር። ለዘይቱና አንድ ቋጥሬላት ብመጣ ግን ገልበጥ አድርጋ አየችውና «ሳንቡሳንማ አውቀዋለሁ» ብላ መለሰችልኝ።

4ኛ/ ይህ ሁሉ ሲሆን፣ በሰፈራችን መግቢያ ያለው የኅብረት ምግብ ቤት «ሃምበርገር አለን» የሚል ሰሌዳ ሰቀለ። ለዚህ አርቆ አሳቢነትዎ፣ ጓድ ሊቀመንበር፣ ምን ቃል ይበቃል? ከተማ ዳር ላለነው፣ ውኃ እንኳ በተራ ለሚደርሰን ሰዎች ሃምበርገር ያለ ወረፋ መጣልን። ገብቼ ተቀመጥሁ። የቀረበልኝ ዳቦ ሲከፈት በውስጡ የተቀቀለ ድንች ነበረበት፤ ሥጋዋ ከድንቹ ሥር ተሸሽጋ ስትገኝ መጠኗ የራስ ምታት ክኒን ታህል ነበር። ቢሆንም ስሙ ስሙ ነውና ለታማሚ ልወስደው ስነሳ አስተናጋጁ «ዳቦ የራሽን ዱቄት ስለሆነ ከግቢ አይወጣም፤ እዚሁ ይበላ» አለኝ። ባለቤቴን ከነአልጋዋ ተሸክሜ ማምጣት ስለማልችል ሃምበርገሩን በኮቴ ኪስ ከተትሁት። የበሩ አብዮት ጥበቃ ኪሴን ሲዳብስ ድንቹ ወጣ።

እርስዎ ፊት ያቀረቡኝ እንዲህ ነበር። እንደሚያስሩኝ ነበር የጠበቅሁት። እርስዎ ግን ስሜን ሲሰሙ ፊትዎ በርቶ «አሜሪካኖች ዘንድ ሃምበርገር ይሠራ የነበረው ሸረፈዲን አንተ ነህ?» አሉኝ። አብዮት ጥበቃው ጠመንጃውን እንዳነገተ ነው። «ነኝ» አልሁ። «እንግዲያ ዓርብ ለኮሚቴው ሠርተህ ታሳያለህ፤ የምግብ ቤቱ የቴክኒክ አማካሪ አድርጌሃለሁ።» በአገራችን ድንች ሰርቆ የተሾመ ሰው እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም።

5ኛ/ ከዚያ በፊት ግን የስም ጉዳይ ስብሰባ ተጠራ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ዕውቀቴን ላሳይ ብዬ ሃምበርገር ስሙን ያገኘው ከአንድ የጀርመን ከተማ መሆኑን ተናገርሁ። እርስዎም «የትኛዋ ጀርመን?» ብለው ጠየቁ። የግድግዳው ካርታ ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ፤ ከተማዋ ተፈልጋ ተገኘች፤ በኢምፔሪያሊስቶቹ በኩል ሆነች። አንድ አዛውንት የኮሚቴ አባል «ሃም ማለት የአሳማ ሥጋ አይደለም ወይ?» ብለው ቢጠይቁ የሰማቸው የለም፤ ዋናው ጥያቄ ድንበሩ ነበር። ሦስት ሰዓት ከተወያየን በኋላ ምግቡ ካርታው ላይ አንድ ጣት ያህል ወደ ምሥራቅ ተሻግሮ «የበርሊን ዳቦ» ተባለ። በርሊንም ለሁለት የተከፈለች መሆኗን አውቅ ነበር፤ ምሳዬ ስላለፈብኝ ዝም አልሁ።

6ኛ/ ዓርብ ደረሰ። ሥጋው እኔ ከማምነው ከበሺር ሉካንዳ መጣ፤ መፍጫ ስላልነበረ በቢላ ከተከትሁት። ስድስት ዓመት ከምድጃው አጠገብ የቆምሁ ሰው፣ ሥጋው እንዴት ተያይዞ እንደሚቆም ግን አንድም ቀን ዞር ብዬ አላየሁም ነበር። መጥበሻው ላይ ሳሳርፈው ተበተነ። ሁለተኛውም ተበተነ። ሦስተኛው ጭራሽ ጥብስ ሆነ። ኮሚቴው በመጋረጃው ማዶ ሹካ እያንኳኳ ይጠብቃል።

የምግብ ቤቱ ወጥ ሠሪ ወይዘሮ የኔነሽ ክንዴን ይዘው ወደ ጓዳ ሳቡኝ። «አቶ ሸረፈዲን፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ እዚያ ሥራዎ ምን ነበር?»

«ሳህን ማጠብ» አልኋቸው። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር።

አልሳቁም። «እንግዲያስ እጅዎን ይታጠቡና ሽንኩርቱን ይያዙልኝ» አሉ። የደረቀ ዳቦ አድቅቀው፣ እንቁላል መትተው፣ ሥጋውን እንደ ሊጥ አሽተው በመዳፋቸው ጠፈጠፉት። ጾም ላይ ስለሆኑ ጨውን እንኳ በማሽተት ነበር የሚመጥኑት። ሥጋው ሳይበተን ተጠበሰ። መጋረጃውን ገልጬ ወደ እናንተ ያቀረብሁት ግን እኔ ነኝ፤ የተጨበጨበውም ለእኔ ነው። አንዳንድ የኮሚቴ አባላት ጥርሴን አመመኝ፣ ቁርስ አርፍጄ በልቻለሁ እያሉ ሲያፈገፍጉ፣ እርስዎ ምሳሌ ለመሆን ሦስት በሉ። በእጅዎ ፈርመው የምስክር ወረቀት ሰጡኝ። አንዱን ለታመመች ባለቤቴ ልውሰድላት ብዬ ብለምንዎ ግን አፍዎን እየጠረጉ «ደንብ ደንብ ነው፣ ጓድ» አሉኝ።

ከዚህ በኋላ ያለው ቁጥር የለውም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ወይዘሮ የኔነሽ መጥበሻቸውን በነጠላ ጠቅልለው ቆመዋል። «ሥጋውን ከበሺር ነው የገዛሁት፣ ለእናንተ የሚሆነውን። መጥበሻዬን ደግሞ በአመድ ፍቄ አጥቤዋለሁ፤ ካላመኑኝ እርስዎ ይጠቡት፤ ሙያዎ አይደል!» አሉኝ። አጠብሁት። እሳቸው ሥጋውን ያሹ ጀመር። ዘይቱና ትራስ ተደግፋ «አንተስ? ባለሙያው አንተ፣ የሚሠሩት እሳቸው?» አለችኝ። ወይዘሮ የኔነሽ እጃቸው ሥራ ላይ እንዳለ ቀና ብለው አዩኝ።

ጓድ ሊቀመንበር፣ እርስዎ ፊት ጠመንጃ ቆሞ ያልወጣኝ ቃል እዚያ ወጣ። ተናገርሁ፤ ሳህኑንም፣ የሳጅኑን ግማሽም።

«ሳህን ማጠብ ነውር ነው እንዴ?» አለች ዘይቱና።

«አይደለም።»

«ታዲያ ለምን ዋሸኸኝ? እኔ እኮ ለእህቶቼ ባሌ የአሜሪካኖች ወጥ ቤት አለቃ ነበር ብዬ ምዬላቸዋለሁ። ወላሂ ብዬ!»

«አውፍ በይኝ፣ ዘይቱና። ይቅር በይኝ።»

«አውፍ የምልህ ለሰው ሁሉ የዋሸኸውን ለሰው ሁሉ ስትናገር ነው።» ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ያላት ይመስል ከትራሱ ቀና አለች። «ቆይ ቆይ! ስድስት ዓመት ሳህን ያጠብህ ሰው፣ በእኔ ቤት አሥራ አንድ ዓመት አንዲት ሲኒ ሳታለቀልቅ!»

ወይዘሮ የኔነሽ ያን ጊዜ ሳቁ። ዘይቱናም ልትቆጣ እየሞከረች ሳቋ አመለጣት፤ ከጥር ወዲህ ሳቋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ዳቦው ቀረበላት። ከጥጉ ቆንጥራ አኘከች። «ጨው አንሶታል» አለች። ወይዘሮ የኔነሽም «ጾም ነው፣ አልቀመስሁትም» አሏት። ጨው ተጨመረ። ግማሹን በላች። እኛ ሁለታችን እንዳንረብሻት ወደ በሩ እያየን ተቀመጥን። ሌላውንም ግማሽ በላችና «ይኸው ነው? ይኸን ነው አሥራ አንድ ዓመት ያወራኸው?» ብላ ሁለተኛውን ጠየቀች። እኔ ሽንኩርቱን ልክደን ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ፤ ሽንኩርቱ ከተከደነ ቆይቶ ነበር። ዛሬ ባለቤቴ በእግሯ ትሄዳለች፤ ሳህን የማጥበው እኔ ነኝ፤ ይህን ደብዳቤም ያስለጠፈችኝ እሷ ናት።

ስለዚህ የምስክር ወረቀቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በእስፒል አያይዤ መልሻለሁ። ስሜ ተሰርዞ የወይዘሮ የኔነሽ ስም እንዲገባበት፣ ለታማሚ የሚወሰድ ምግብም ከግቢ እንዲወጣ እንዲፈቀድ በትሕትና እጠይቃለሁ። ይህን ለመወሰን ስብሰባ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ካርታውን እኔው ተሸክሜ አመጣለሁ።

ውድ ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ ሳያስሩኝ ስለሾሙኝና ሙያ ሳይጠይቁ ስላመኑኝ ከልብ እያመሰገንሁ፣ ለጥርስዎ ብርታትን፣ ለካርታዎ ዕድሜን እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
ሸረፈዲን ጀላል
የቀድሞ ሳህን አጣቢ፣ የአሁንም ሳህን አጣቢ፣ በመካከሉ የቴክኒክ አማካሪ

ማስታወሻ፦ እናትዎ ወይዘሮ ወለተ ማርያም ባለፈው ሐሙስ መንገድ ላይ አግኝተውኝ «ልጄ ዓርብ ምሳ አልበላም ብሎኝ ዋለ፤ ስብሰባ ላይ ምን ቀምሶ ነው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። በሁዳዴ፣ ያውም በዓርብ ቀን፣ ያውም ከሙስሊም ሉካንዳ የመጣ ሥጋ ሦስት ጊዜ በላ ብዬ የእናት አንጀት ከማሳርር «ሽሮ ነው፣ እማማ» ብያቸዋለሁ። ይህችን አንዲት ውሸት ለእርስዎ ስል የዋሸኋት ስለሆነች በግለሂሴ ውስጥ አላስገባኋትም፤ አይስጉ። እናትዎ ከቅዳሴ ሲመለሱ በዚህ ሰሌዳ ፊት ቆመው ሁሉንም ወረቀት በጣታቸው እየተከተሉ የማንበብ ልማድ እንዳላቸው የሰማሁት እስከዚህ ከጻፍሁ በኋላ ነው፤ ወረቀት ላለማባከን ብዬ ግን እንደገና አልገለበጥሁትም። የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀታቸውን በእጅዎ የሰጧቸው እርስዎ ነዎትና፣ መሃይምነትን ከቀበሌያችን ስላጠፉልን በተለይ አመሰግናለሁ።