አራታችሁም ያላችሁበት ፎቶ

ለውድ ባለቤቴ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ከጣሪያው ማፍሰስ በቀር እኔም ልጅሽም ደህና ነን።

እንግሊዝኛ ልታስተምሪ በሄድሽበት አገር ቅዳሜና እሁድ እንደማይሰለችሽ ከደብዳቤሽ ተረድቻለሁ። ባለፈው ሳምንት በባቡር ሌላ ከተማ፣ በዚህኛው ደግሞ ጭፈራ ቤት። ይመችሽ። እኔ ቅዳሜን አንቺ ትተሽው የሄድሽውን ክፍል ፈተና ሳርም ዋልኩ። ማመልከቻሽን የሞላሁት እኔው ስለሆንኩ ማንንም አልወቅስም።

የጭፈራ ቤቱ ፎቶ ደርሶናል። "ከሦስቱ ሴት መምህራን ጋር ብቻ ነው የወጣሁት" ብለሻል፤ አራታችሁም እየሳቃችሁ ፎቶው ውስጥ ናችሁ። ልጅሽ "እማዬ እንዴት አምሮባታል!" አለች።

"መብራቱ ነው" አልኳት።

"ኧረ አባዬ፣ ዓይኗን አልጨፈነችም እኮ!" ብላ ሳቀችብኝ።

እውነቷን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳነሳሽ ዓይንሽን ያልጨፈንሽበት አንድም ፎቶ የለንም።

ጣሪያውን ከመምጣትሽ በፊት አሠራዋለሁ። የምትመጪበትን ቀን በዚህኛው ደብዳቤ አልጻፍሽውም፤ ረስተሽው ይሆናል።

ሦስቱን ባልደረቦችሽን ሰላም በይልኝ። ፎቶውን ያነሳችሁንም ሰው እንደዚሁ፤ እጁ ይባረክ።

አክባሪ ባለቤትሽ