የእማዬ ሳል

ናፍቆትህ ለበረታብኝ ለወንድም ጋሼ፣

ጤናህ እንዴት ነው? የእኛን ከጠየቅህ፣ እማዬ ጉልበቷን ከማማረሯ በቀር ደህና ነን።

ስልክህን የማላነሳው አኩርፌ አይደለም፤ ትምህርት በዝቶብኝ ነው። ከድምፅ ክፍል ወደ ሙዚቃ ኖታ ጽሕፈት አዛውረውኛል። መምህሬ «ለጊዜው ነው» ብሎኛል፤ ሲናገር ግን ዓይኔን አላየኝም።

ከፋብሪካው ለተባረሩት የልብስ ስፌት ሠራተኞች የደረስኩትን ዘፈን ታስታውሳለህ? አስለቃሽ ጭስ የተተኮሰብን ቀን የዘፈንኩትን? አሁን ሰልፉ ላይ የምትዘፍነው ጓደኛዬ ናት። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ትቸኩላለች። እኔ አጠገቧ መፈክር ይዤ በእግሬ ምት እመታላታለሁ። መፈክር የሚይዝም ሰው ያስፈልጋል መቼም።

የድምፄን መሻከር ለእማዬ ጉንፋን ነው ብያታለሁ። ሦስት ወር ሲሞላው «ይሄ ጉንፋን ተከራይ ነው እንዴ፣ ውጣ ሲሉት የማይወጣው?» ብላ አሳቀችኝ።

እሑድ ግን «ልጄ፣ እስኪ አንዴ ዝፈኚልኝ» አለችኝ። ዓይኗ እንደማያይ ታውቃለህ። አጠገቧ ተቀመጥኩና አምና እዚሁ ሳሎን የቀዳሁትን ዘፈን በስልኬ ከፈትኩላት። አንገቷን ደፍታ፣ ፈገግ ብላ አዳመጠች። መሀል ላይ ከስልኩ ሳል ሲሰማ ቀና አለች።

«ይቺ ሳል የእኔ አይደለችም እንዴ?»

እጇን ያዝኩ። እሷም ያዘችኝ። ዘፈኑ እስኪያልቅ እንደተያያዝን አዳመጥን።

ከዚያ ወዲህ ዝፈኚልኝ ብላኝ አታውቅም።

አንተም እባክህ አትደውል፤ ጻፍልኝ። የእማዬን ሰላምታ ከእኔው ጋር ተቀበል፤ ክፉ አይንካህ።

እህትህ