የሚመጣው ዓመት ተራ

ታዴ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ዘጠኝ ወር ሞላ። ሴንት ጄምስ ታውን ያለው ሕንጻችን እንደተውከው ነው፤ ከሁለቱ ሊፍቶች አንዱ ዛሬም አይሠራም። ቤት ውስጥ የተለወጠው ነገር ቢኖር፣ ያንተ ወንበር ላይ አሁን የምቀመጠው እኔ መሆኔ ነው። ለቴሌቪዥኑ የሚመቸው እሱ መሆኑን ሃያ ዓመት ሙሉ ደብቀኸኝ ኖረሃል። ይቅር ብዬሃለሁ።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ቡድንህ ነው። ያ ወሬ እንደገና መጥቷል። አንድ የታወቀ ተጫዋች ለማምጣት የሚመጣውን ዓመት የመጀመሪያ ድራፍት ሊሰጡ ነው ይባላል።

ስፖንሰር አድርገህ ባመጣኸኝ ዓመት «ዛሬ ድራፍት አለ፣ ቶሎ እንግባ» ያልከኝ ትዝ ይልሃል? ዐቢይ ጾም ላይ ነበርን። እኔ የማውቀው ድራፍት ቢራ ብቻ ስለነበረ፣ ምን ዓይነት ሰው ነው ያገባሁት ብዬ መንገዱን ሙሉ አኮረፍኩህ። ቤት ገብተህ ቴሌቪዥኑን ስትከፍት ገባኝ። ኳስ በእጅ ይዘው እየሮጡ ፉትቦል የሚሉት የዚህ አገር ጨዋታ ነው፤ ቡድኖቹ በየተራቸው ከዩኒቨርሲቲ ልጆች አንድ አንድ እየመረጡ ስም ያስጠራሉ። ይህን የመምረጥ ዕድል አንተ «ተራ» ነበር የምትለው፤ ቡድኖቹ ተራቸውን ለሌላ ቡድን ሰጥተው በምትኩ የታወቀ ተጫዋች መውሰድም ይችላሉ። ካርቱም ላይ በስደት ሳለህ ወደዚህ አገር ለመምጣት ስምህ እስኪጠራ ሦስት ዓመት ስለጠበቅህ ይመስለኛል፣ ከጨዋታው ሁሉ ያንን ቀን ትወድ ነበር። ጆሮህ ከደከመ በኋላ «ስም ሲጠሩ ድምፁን ጨምሪው» ትለኝ ነበር። የማታውቀው ልጅ ተጠርቶ እናቱን ሲያቅፍ ዓይንህ እንባ ያቀርር ነበር።

አምናም ይኸው ክርክር ነበር፤ ሐኪሙ ለሁለታችንም ቁርጡን በነገረን ሰሞን። እኔ ተራውን ይስጡ አልኩ፣ አንተ አይሰጥም አልክ። አንድ ወር ሙሉ ተጨቃጨቅን። ጓደኛህ ግርማ እንኳ «እሷ ደግሞ መቼ ነው ፋን የሆነችው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ምክንያቴን አልነገርኩህም። የቡድኑ ነገር ደንታም አልሰጠኝ። ኅዳር ላይ ዋንጫ ሲያነሱ እንድታይልኝ ብቻ ነበር የፈለግሁት። የቀረህ ያ አንድ ውድድር እንደሆነ አውቅ ነበር፣ አንተም ታውቅ ነበር። ያንን እያወቅህ፣ ትራስ ተደግፈህ፣ ገና ትምህርቱን ላልጨረሰ ልጅ ተራ ትከራከር ነበር። አንድ ቀን «የሚመጣው ዓመት ተመልካች ሰው አይደለም ወይ?» አልከኝ። ተናድጄ ኩሽና ገባሁ፣ በሩንም ዘጋሁት።

ቡድኑ ተራውን አልሰጠም። ጥቅምት ላይ ከዋንጫው ውጪ ሆነ፣ በዚያው ወር አንተም ሄድክ።

ሚያዝያ ላይ ያ የተከራከርክለት ተራ ደረሰ። ማንን ቢመርጡ ጥሩ ነው? ሥራው ሰው መግፋት ብቻ የሆነ፣ ኳሷን በእጁ እንኳ የማይነካ፣ ቁም ሳጥን የሚያክል ልጅ! ለዚህ ነው እንዴ የተጨቃጨቅነው ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። እናቱ አንገቱ ላይ ስትጠመጠም ግን አለቀስኩ። አሁን በየሳምንቱ ይጫወታል፣ እኔም እሱን አያለሁ። ሳላውቀው ጨዋታ ያለበትን ቀን መጠበቅ ጀመርኩ። ከዚያ በፊት የምጠብቀው ቀን አልነበረኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ያለው ያገራችን ሰዎች ካፌ በዚሁ ወሬ ለሁለት ተከፍሎ ዋለ። ግርማ «ፒኩን ትሬድ ያድርጉትና ዘንድሮ ዊን እናድርግ!» ይላል፤ ተራውን ሰጥተው ዘንድሮ እናሸንፍ ማለቱ ነው። ዞሮ «አንቺማ የኛ ወገን ነሽ» አለኝ። አይሰጥም አልኩት። አምና ሌላ ነበር የምትይው ብሎ ሲያፈጥብኝ ያንተን ቃል መለስኩለት፤ የሚመጣው ዓመት ተመልካች ሰው አይደለም ወይ?

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ነገሩ ገባኝ። ታዴ፣ የሚመጣው ዓመት ተመልካች እኔ ነበርኩ።

ወር ሙሉ ስትከራከርልኝ እኔ በር ዘጋሁብህ። እንዳንተ ያለ ሰው አላየሁም፣ ከእንግዲህም አላይም።

በየዓመቱ ስም በሚጠራበት ቀን ወንበርህ ላይ እገኛለሁ። የኔ ጆሮ ደህና ነው። ድምፁን ግን እጨምረዋለሁ።

ያንተው አልማዝ