ቀይ ነጥቡ ይበራል፣ ፋይሉ የለም

ማክሰኞ፣ ማርች 11። ሥራ ከመግባቴ በፊት

ዛሬም የለም። የመቅረጫው ቀይ ነጥብ በርቷል፣ ደቂቃው ቆጥሯል፣ አቁም ብዬዋለሁ፣ «ተቀምጧል» ብሎኛል። ፎልደሩን ስከፍት ከላይ ያለው ያው ባለፈው ወር የቀረጽኩት የጎረቤት ልጅ ክርስትና ነው። አዲስ ፋይል ሁልጊዜ ከላይ ነው የሚገባው። የትናንቱም የለም፣ የዛሬውም የለም። ውሃ በላው።

ደብተሬ፣ አንቺ ላይ ካልጮህኩ ማን ላይ ልጩህ? አባዬ ተኝቷል፤ ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ ነው ያደረው። ናቲ ደግሞ «ኦኬ ሄሉ፣ እንደገና እንሞክራ» ከማለት ሌላ የለውም። የአክስቴ ልጅ ነው፣ እኛ ጋ ከመጣ ሁለት ዓመቱ፣ ሲናደድ አይቼው አላውቅም። ይኼም ያናድዳል።

እኔ ላፕቶፑ ላይ የኳስ ጌም እጫወታለሁ፣ እሱ እንደ ሬዲዮ በአማርኛ ያስተላልፋል፣ ሶፍትዌሩ ሁለቱንም ይቀርጻል። ጌሙ ውስጥ ኢትዮጵያ የምትባል ቡድን ስለሌለች ከባዶ ፈጠርናት፣ ተጫዋቾቹን በሰፈራችን፣ በፌርፋክስ ሐበሾች ስም ጠራናቸው። በረኛው ጋሼ ታደሰ ነው፣ የምሠራበት ምግብ ቤት ባለቤት። ይህን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እሑድ ከቤ/ክ መልስ ቤቱ ሲሞላ በትልቁ ቲቪ አሳየዋለሁ አለ። ለአገሩ ሁሉ አወራ። እሑድ እየመጣ ነው፣ እኔ እጄ ላይ ያለው የሰው ልጅ ክርስትና ነው።

ረቡዕ፣ ማርች 12። ከሰዓት

ሶፍትዌሩን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት። ማይኩን ነቅዬ ሰካሁት። ላፕቶፑ ላይ ኢንተርኔትም እምቢ ብሏል፣ ገጽ በከፈትኩ ቁጥር «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ይላል። ስለዚህ መፍትሔ የምፈልገው በስልኬ ነው። አንዱ ሰውዬ «አጥፍተሽ እንደገና ጫኚው» ይላል። ሌላው «እኔም ተመሳሳይ ችግር አለብኝ» ይላል። እግዜር ይስጥህ፣ ዳንኩ።

ጉዱ ደግሞ ይኼ ነው፤ ምንም ሳይቀመጥ ዲስኩ እየሞላ ነው። ምን በልቶ ነው የሚጠግበው? ጨጓራዬን ላጠው።

ማታ ናቲ ሲመጣ ሙሉ ግጥሚያ እንቀርጻለን። ከብራዚል ጋር።

ሐሙስ፣ ማርች 13

ደሜ ፈልቶ ነው የምጽፈው።

የትናንቱ ከሁሉም የበለጠ ነበር። ጋሼ ታደሰ ፍፁም ቅጣት ምት አዳነ። ናቲ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ፣ የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ወለሉን ደበደበብን። ጠዋት ፎልደሩን ከፈትኩ። ክርስትናው። ሕፃኑ ያለቅሳል።

ሶ ማሰብ ጀመርኩ። ላፕቶፑን የሚነካ ማን ነው? አባዬ ዜና ከማንበብ ሌላ አያውቅበትም። ባለፈው ዓመት «ቦታ ላስለቅቅ» ብሎ የኔን ፋይሎች የደመሰሰ ማን ነው? ናቲ። ሰሞኑን ጋርዴና፣ ጋርዴና የሚል ማን ነው? ናቲ። እዚያ መጋዘን የሚሠራ ጓደኛው ክፍል እንጋራ ብሎታል። ቪዲዮው ከተሳካ ጥሎ መሄድ ሊከብደው ነው። ስለዚህ ያጠፋዋል።

ናቲ ሆሊውድ ያለ ሆቴል የእንግዶች መኪና ሲያቆም አርፍዶ ምሳ ሊበላ ወደ ምግብ ቤታችን መጣ። ኩሽናው በር ላይ አስቆምኩት። አልነካሁም አለ። በእመቤቴ ብሎ ማለ። ናቲ በዋዛ አይምልም፣ አውቃለሁ። አላቆምኩም።

«በአባቴ ቤት ተጠግተህ እየኖርክ የኔን ነገር ታጠፋለህ?» አልኩት።

አብሳዮቹ ሰሙ። ጋሼ ታደሰ ሰማ።  ናቲ የቀረበለትን በያይነቱ ሳይነካው ጠረጴዛው ላይ ትቶት ወጣ።

ይበለው። ውሸት አልተናገርኩም።

ዓርብ፣ ማርች 14

ሄዷል። የሚተኛበት ሶፋ ላይ ብርድ ልብሱ ታጥፏል፣ ከላዩ የቤቱ ቁልፍ። ሻንጣው የለም። ይኼ ቁልፍ ነው ያሳበደኝ። ቢያንስ በሩን ወርውሮ ቢዘጋው ምን ነበረበት?

አባዬ የት ሄደ አለኝ። ተጣላን አልኩት። የተናገርኩትን ቃል ዘለልኩት። ከሰዓት ግን ጋሼ ታደሰ ሳይነግረው አልቀረም፤ ስመለስ ሰላም አላለኝም። «የእህቴን ልጅ» አለና ፊቱን አዞረ።

እልህ ያዘኝ። ብቻዬን ተቀምጬ ተጫወትኩ፣ ራሴው አስተላለፍኩ። ድምፄ የቤት ኪራይ ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው ይመስላል። ስጨርስ ፎልደሩን ከፈትኩ።

ናቲ የለም። ፋይሉም የለም።

አሁን የጻፍኩትን ደግሜ አነበብኩት። ናቲ የለም፣ ፋይሉም የለም። ታዲያ ማነው ያጠፋው?

 ደወልኩለት። አያነሳም።

ቅዳሜ፣ ማርች 15። ጠዋት

አባዬ ሽሮውን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። ኩርፊያውን ገና አልጨረሰም፣ ግን ብቻውን መብላት አይወድም። የላፕቶፑን ስክሪን ጥግ ተመለከተና ለራሱ የሚያወራ መስሎ ለሚካኤል ስድስት ቀን ቀረኝ አለ።

በምን አወቅክ አልኩት። በጠቀለለው ጉርሻ ወደ ስክሪኑ ጥግ ጠቆመኝ። ኩራቱ! ሰኞ ዕለት ቀኑን አስተካክሎታል። የፈረንጁን ቀን ሲያይ ያለፈው ወር ሚካኤል አመለጠው፣ ስለቱን ሳያስገባ ቀረ፣ ስለዚህ ኮምፒውተሩንም ወደኛ አቆጣጠር መለሰው። ወሩ ሰባት፣ ቀኑ ስድስት፣ ዓመቱ 2006። ሰዓቱንም አልማረውም።

ደብተሬ፣ ይኼ ሰውዬ ማይክሮዌቩን፣ ምድጃውን፣ የታክሲውን ሰዓት በሙሉ በሀበሻ ነው የሚሞላው። እዚህ ቤት ውስጥ ሰዓት የሚባል ነገር ማየት ካቆምኩ ቆየሁ፤ የማየው ስልኬን ነው። ጥጉ ላይ አፍጥጦ ሲያየኝ ሰነበተ፣ እኔ አላየሁትም።

ፎልደሩን ወደ ታች ጎተትኩት። ከክርስትናው በታች፣ ከሠርጉ በታች፣ ከጥምቀቱ በታች፣ ከሁሉም ቪዲዮ ሥር። አሉ። አንድም ሳይጎድል። ላፕቶፑ ጁላይ 2006 ላይ ያለ መስሎት እንደ አሮጌ ዕቃ ታች ነው የከመራቸው። ኢንተርኔቱም እምቢ ያለው ቀኑ ስለተሳሳተበት ነው።

አባዬ ላይ ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ሐሙስ ትዝ አለኝ። ዘጋሁት።

ያው ቀን። ከሰዓት

ሁሉንም አየሁ። ፍፁም ቅጣት ምቱም አለ፣ ጎረቤቱ ወለሉን ሲደበድብ ይሰማል።

አንድ የማላውቀው አጭር ፋይል አለ። የማክሰኞ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ጨዋታ የለበትም፣ ባዶ ሜዳ ብቻ። ናቲ ከሥራ ገብቶ ብቻውን ማይኩን ይፈትሻል። ጉሮሮውን ይጠርጋል። «ሄሉ፣ ይኼ ከሠራ ዛሬ አትናደጂም። ካልሠራ ደግሞ ጌታ ይርዳኝ» ይላል። ለብቻው ይስቃል።

አለቀስኩ። በንዴት ነው። በራሴ ላይ ነው የተናደድኩት። ለሁለት ዓመት ሶፋ ላይ ተኝቶ አንድ ቀን ወገቤን ያላለ ልጅ። ተጠግተህ! ማን ሆኜ ነው? አባዬስ ራሱ መጀመሪያ ሲመጣ ሰው ቤት ተጠግቶ አይደል የኖረው?

ሁሉንም ለአባዬ ነገርኩት፣ የዘለልኩትን ቃል ጨምሬ። ሰዓቱን አንተ ነህ ያበላሸኸው ለማለትም ቃጥቶኝ ነበር፣ ቀደመኝ።

«ሰዓቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አለ። «አፍሽን ግን አልነካሁትም።»

እሑድ፣ ማርች 16

ጋሼ ታደሰ ተቆጣ። ሰው ጠርቻለሁ፣ ምን ልበላቸው፣ ፋይሉ ከተገኘ ለምን አናሳየውም አለ። ናቲ በሌለበት አይታይም አልኩት። አጉተመተመ። ያጉተምትም። እዚያው ቤት፣ እነዚያው ሰዎች ፊት ልጁን አዋርጄ፣ በልጁ ድምፅ ላስጨበጭብ?

ለናቲ ቴክስት ልልክ ነበር። ጽፌ ለአባዬ አሳየሁት። ስልኩን ከእጄ ወስዶ ገልብጦ አስቀመጠው። ይቅርታ በቴክስት አይላክም፣ በእግር ነው የሚኬደው አለ። ከቤተ ክርስቲያን የመጣበትን ነጠላ አላወለቀም። ሽማግሌ ሆኖ ሊሄድልኝ ነው፣ የሰዓቱ ጥፋተኛ ራሱ። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

የላፕቶፑን ሰዓት አላስተካከልኩትም። ናቲ በዓይኑ ይየው። በፌስታል አድርጌ ይዤዋለሁ። ቁልፉንም ይዣለሁ።

አባዬ ታች ታክሲው ውስጥ ሆኖ ክላክስ ያደርጋል። ናቲ ጋርዴና ጓደኛው ጋ ነው የገባው፤ ሩቅ አይደለም፣ ዛሬ ግን ሩቅ ነው። የምለውን ጽፌ ነበር፣ ሰረዝኩት፣ ሁሉም ሰበብ ሰበብ ይሸታል። በሩን ካልከፈተልኝ እዚያው ደጁ ላይ ቆሜ ጮክ ብዬ እናገራለሁ። ጎረቤት ይስማ። ስሰድበውም ሰው ፊት ነበር።

ከከፈተልኝ ደግሞ… አባዬ እንደገና ክላክስ አደረገ። ሄድኩ።