በቁሜ የተበላው ተዝካሬ

ታኅሣሥ 6 ቀን 1960፤ ቢቸና

ገበያ ዋልኩ። ጤፍ ወድቋል፤ የሚያነሳው የለም። አገሩ ሁሉ ሻጭ ሆኖ ወጥቷል፣ ገዢው እኔና ሁለት መሰሎቼ ብቻ። ቁናዬን ጭኔ ላይ አድርጌ እንደ ጳጳስ ተቀምጬ ዋልኩ። "ጋሼ ገላው፣ ስንት ይላሉ?" ሲሉኝ ወደ ሰማይ አያለሁ። ዋጋ ከዚያ የሚወርድ ይመስል።

ምን አስቸኮላቸው? አዲሱ ግብር ነዋ። እስከ ዛሬ የሚከፈለው ለመሬቱ ነበር። አሁን ደግሞ ከሚታፈሰው እህል ላይ... ገማች የሚሉት ሰው መጥቶ አውድማህን አይቶ፣ ጎተራህን አንኳኩቶ "ይህን ያህል አግኝተሃል" ይልሃል። አንዱ ባላገር "ያላገኘሁትን ቢለኝስ?" አለ። "እሱ ካለህማ አግኝተሃል፤ ደስ ይበልህ እንጂ!" አለው ጓደኛው። ተሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ቤት ስገባ ሳቁ ጠፋ። ሞጣ ያለችው የእናቴ ርስት ትዝ አለችኝ። የአጎቴ ልጅ ደምለው ምርቱን እኩል ሊያካፍለኝ ያርሳታል። ሚስቴ ካረፈች ቆየች። ልጅ የለኝም። በዚህ ዓለም የኔ የምለው እሷን መሬትና ይቺን ምላሴን ነው። ምላሴንስ ግዴለም፣ ማንም አይገምታትም።

ታኅሣሥ 13

ዕቅድ አወጣሁ። ራሴን አደነቅሁ።

ገማቾቹ ሞጣ የሚደርሱት ከጥምቀት በኋላ ነው አሉ። የሚገምቱት ያዩትን ነው። ጎተራው ባዶ ከሆነ ምን ሊያዩ? ታዲያ ሽጬ ባዶ ላድርገው? በዚህ ዋጋ ከመሸጥ ለአይጥ ማውረስ ይሻላል። ስለዚህ... ማብላት! ገና እንዳለፈ እዚያው ሞጣ ቁም ተዝካሬን አወጣለሁ። ልጅ የሌለው ሰው ያደርገው የለም? ሳይሞት የሙት ድግሱን በራሱ እጅ ይደግሳል፤ ሲሞት የሚያስታውሰው የለማ። እህሌ ጠላና እንጀራ ሆኖ ሰው ሆድ ይገባል። የሰው ሆድ የሚገምት ሹም ገና አልተሾመም። ግብሩ ይቀልላል፣ ነፍሴም ትጸድቃለች። ባንድ ወጪ ሁለት ትርፍ!

ለእህቴ ለባንቺዓለም ነገርኳት። ጥጥ ታባዝት ነበር፤ እጇን አላቆመችም።

"ወንድምዓለም፣ ቁም ተዝካር የሽማግሌ ነው። አንተ ገና..."

"ገና ምን?"

"ገና ሰው ትሳደባለህ።"

ታኅሣሥ 17

የነፍስ አባቴ ጋ ሄድኩ። አባ ወልደ ሰንበት አዳመጡኝ። "ለነፍስህ ነው ወይስ ለጎተራህ?" አሉ።

"ለሁለቱም፣ አባ።"

"እግዜር ካንድ ድግስ ሁለቴ አይጎርስም፣ ልጄ።"

ቢሆንም እንመጣለን አሉ። ካህን ድግስ እምቢ ሲል አላየሁም።

ጥር 2፤ ሞጣ

ጠላው ተጠመቀ። ጎተራው ሲጎድል ማየት ደስ ይላል። ብቻ ሰንጋው አንድ ነው፣ የተጠራው ሰው ብዙ። ሌላ ልግዛ? ለራሴ ሞት ይህን ያህል ማውጣት... ከበደኝ።

ደምለው ቀረበኝ። ዝምተኛ ነው፣ ሲናገርም መሬት መሬት እያየ። "ጋሼ፣ አንድ ሰንጋ ያሳፍረናል። ሌላውን በሬ እኔ ላምጣ።"

"በስንት?"

"በዝምድና።"

በዝምድና! ከዚህ የረከሰ በሬ በየትኛው ገበያ ይገኛል? ፈቀድኩ። እንዲያውም ትከሻውን መታ መታ አደረግሁት።

ጥር 4

ተዝካሬ ተበላ።

ዳሱ ጢም ብሎ ነበር። ካህናቱ ፍትሐት ሲያደርሱ የክርስትና ስሜን፣ ገብረ ሚካኤልን፣ ከሙታን ጋር አብረው ጠሩት። አጠገባቸው ቆሜያለሁ እኮ! ሳል ያዘኝ። አንድም ሰው ዞሮ አላየኝም። ሰዉ እየጎረሰ "ነፍስ ይማር" ይላል፣ ዓይን ዓይኔን እያየ። አሜን ልበል? የአሜኑ ባለቤት ማን ነው?

አንዲት አሮጊት እጄን ይዘው "ደግ ሰው ነበርክ" አሉኝ።

"ነበርክ?"

"ነበርክ" አሉ። ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። እጃቸው ይሞቅ ነበር፤ የኔ ነው የቀዘቀዘው።

ማዕዱ ሳይነሳ አባ ወልደ ሰንበት ጠጋ አሉኝ። "ሁለተኛውን በሬ ማን አቀረበ?"

"ደምለው።"

እጃቸውን ከመሶቡ መለሱ። "የተዝካር በሬ የሚያቀርብ ማን ነው ገላው?"

"ዘመድ ነዋ።"

"ወራሽ ነው፣ ልጄ። ያገሩን ደንብ ረሳኸው?"

ቀና ስል ደምለው ዳሱ በር ላይ ቆሞ እንግዳ ይሸኛል። ሰዉ በየተራ "እግዜር ያጽናህ" እያለው ያልፋል። እኔን ማንም አልተሰናበተኝም።

ጥር 8፤ ቢቸና

የጎረቤቴ ውሻ በራሱ ጥላ ላይ እንኳ የሚጮህ ነው። ዛሬ ባጠገቡ ሳልፍ ዝም... ጅራቱን ቆልፎ ግድግዳ ተጠጋ። ምን አደረግሁህ አንተ?

ጥር 24

ከሞጣ የመጣ ነጋዴ ወሬ አመጣ። ገማቾቹ ደርሰዋል። ደምለው አውድማው ላይ ቆሞ "ባለርስቱ እኔ ነኝ፤ የቀድሞውን ተዝካር አብልቻለሁ" ብሏቸዋል። ጎተራው ባዶ ስለሆነ ትንሽ ነው የጣሉበት። እዚያው ከፍሏል።

ከት ብዬ ሳቅሁ። "ሞኝ! ግብሬን ከፈለልኝ!"

ባንቺዓለም ግን አልሳቀችም። "ደረሰኙ በማን ስም ወጣ?"

"በ... ደምለው።"

"ነገ ርስት ቢያከራክር ዳኛ የሚጠይቀው ምንድን ነው፣ ወንድምዓለም?"

ግብር የተገበረበትን ደረሰኝ። ይህን ሕፃንም ያውቃል። ባወጣሁት ዕቅድ ለሱ ግብሩን አቀለልኩለት፣ በሬውን ተቀብዬም ርስቱን አስረከብኩት። እንዲህ ያለ ዐዋቂ ነጋዴ ቢቸና አፍርታለች!

የካቲት 3፤ ሞጣ

ግብር ይጣልብኝ ብዬ ለመንኩ። አዎ፣ ለመንኩ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ። አገሩ ግብር ሸሽቶ ዱር ሊገባ ሲል እኔ ቢሮ ገብቼ "ገምቱኝ" አልኩ።

ጸሐፊው ከሸዋ የተመደበ ወጣት ነው። መዝገቡን አይቶ እኔን አየኝ። "ሟቹ እርስዎ ነዎት?"

"አልሞትኩም። ቁም ተዝካር ነው።"

"ቆመው ነው የሞቱት?"

ሊቀልድ መሰለኝ። አልቀለደም። ለካ ባገሩ የለም። ሽማግሌዎቹን ጠራ። ሁሉም ዳሱ ውስጥ የበሉ ናቸው፤ አንዱ ገና ያን ዕለት በወጥ ያበላሸውን ነጠላ ነው የለበሰው።

"በሕይወት መኖሩንስ እናያለን" አሉ። "ነገር ግን ተዝካሩን በልተናል። በሬው የደምለው ነው። የበላነውን እንዴት እንካድ?"

አብሮ የተጠራውን ደምለውን ዞሬ አየሁት። መሬቱን እያየ "ጋሼ፣ እርስዎ ዓለምን ተሰናብተዋል" አለኝ። "ካሁን ወዲያ መሬት ምን ያደርግልዎታል?"

ይህን ያህል ረጅም ነገር ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

የካቲት 27፤ ቢቸና

መንገድ ተዘጋ። ባላገሩ ጠመንጃውን ይዞ ተራራ ወጥቷል፣ ገማቾቹም ሸሽተዋል አሉ። ጤፍ እጥፍ ሆነ። የኔ ጤፍ? ጥር ላይ ሞጣ ተበልቶ አልቋል።

ገበያ ወጣሁ። ዋጋ እጠራለሁ፣ አይመልሱልኝም። ክፋት የለበትም... ነፋስ እንደሰማ ሰው ቀና ይሉና ሥራቸውን ይቀጥላሉ። አንዲት ሴት በርበሬ ሰፈረችልኝ። ገንዘብ ስዘረጋ እጇን ወደ ኋላ ሸሸገች።

"ተይ፣ ተቀበይ እንጂ።"

"ለነፍስዎ ይሁን" አለችና አማተበች።

መጋቢት 12

በቅሎ ነጂ ከሞጣ መጥቶ በር ላይ ቆመ። አልገባም አለ። "ጋሼ፣ እሑድ ለት ማሳዎ ላይ አየንዎ። ጤና ይስጥልን ብንል ጀርባዎን ሰጡን። ምን አስቀየምንዎ?"

"እሑድ እዚህ ቢቸና ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ።"

"ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። ከመሃል ነው የቆሙት።"

"ጋቢዬማ ይኸው ተሰቅሏል!"

ባንቺዓለም ተነስታ ጋቢውን ዳሰሰች። ቶሎ እጇን መለሰች። "ጫፉ ርሷል" አለች።

ዝናብ ከጣለ ስንት ጊዜው ነው...

ሚያዝያ 2

ሌላም ሰው አይቶኛል። ዕድሜ ልኬን አንድ ቤት በቅጡ ማስተዳደር ያቃተኝ ሰው፣ ይኸው ሁለት ቦታ እኖራለሁ። ለሁለቱም ግብር አልከፍልም። እንዲህ ያለ ትርፍ በሕልሜም አልነበረም።

ቀልዱን ለባንቺዓለም ነገርኳት። ጋቢውን አጥባ አስጥታው ነበር። አሁን ቤት ውስጥ አታሳድረውም።

ሰኔ 19

የደምለው በሬዎች እኔ ታየሁባት የተባለችው ቦታ ሲደርሱ ይቆማሉ አሉ። ጅራፍ ቢያነሳ፣ ቢለምን፣ ጠበል ቢረጭ... ወይ ፍንክች። ዙሪያዋን አርሶ መሃሏን ተዋት። ሰው የሚቆምባትን ያህል ናት አሉኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ለምን አላለኝም?

ነሐሴ 8

ዝናብ። ወታደር በመንገዱ ያልፋል፣ ሰው በሩን ይዘጋል። የሚያናግረኝ ባንቺዓለም ብቻ። እሷም ስትጠራኝ መጀመሪያ ትኩር ብላ ታየኛለች፤ የትኛው እንደሆንኩ ልትለይ።

መስከረም 21 ቀን 1961

ግብሩ ቀርቷል የሚል ወሬ ገባ። እውነት ይሁን አይሁን... ከተማው ግን በእልልታ ቀለጠ። ከሰፈሩ ጠላ ቤት በኩል ለደስታ ተተኮሰ። ጤፍም ተመልሶ ወረደ። ሁሉም ነገር አምና ወደነበረበት ተመለሰ፣ ከኔ በቀር። ለቀረ ግብር ብዬ ተዝካሬን አስበላሁ!

መስከረም 30

ደምለው መጣ። እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ። ከስቷል። በሩ ላይ ተንበረከከ።

"ጋሼ፣ ውሰዱት። ርስቱን ውሰዱት። ብቻ ከዚያ ይነሱልኝ።"

ጎንበስ ብዬ አየሁት።

"ሚስቴ ውኃ ለመቅዳት አትወጣም። ልጆቼ በዚያ በኩል አያዩም። ፊትዎን እንኳ ቢያዞሩ፣ ቢቆጡን... ዝም ብሎ ጀርባ! በሬው የኔ መሆኑን አውቃለሁ፤ ደንቡም ለኔ ይፈርዳል። ግን አልቻልኩም።"

ልቤ "እኔ አይደለሁም፣ ወንድሜ" ሊል ነበር። ምላሴ ቀደመው። "እሺ፣ እነሳለሁ" አልኩት።

"መቼ?"

"ርስቴ በሽማግሌ ፊት በተመለሰልኝ ዕለት። የበሬህንም ዋጋ እከፍልሃለሁ፤ ግፍ አልፈልግም።" ግፍ አልፈልግም! እንዲህ ብሎ መናገርም አለ።

ጉልበቴን ስሞ ወጣ። ባንቺዓለም ከጓዳ ሆና ሰምታለች።

"ማን ሆነህ ነው ቃል የሰጠኸው?"

"ገላው ነኛ።"

"የትኛው?"

ጥቅምት 14፤ ሞጣ

ተመለሰችልኝ። ሽማግሌዎቹ ሾላው ሥር ተቀምጠው መሰከሩ። የበሬውን ዋጋ ከፈልኩ። ደምለው ገንዘቡን ሳይቆጥር መቀነቱ ውስጥ ከተተው፤ "እንግዲህ ቃልዎን" አለኝ። "ቃሌ ቃል ነው" አልኩት። ሽማግሌዎቹ መረቁን። አንደኛው "ዕድሜ ይስጥህ" ሊል ጀመረና መሃል ላይ ተወው።

ሊመሽ ሲል ብቻዬን ወደ ማሳው ወረድኩ። ጤፉ ቢጫ ሊሆን ነው፣ ነፋሱ እንደ ውኃ ያስተኛዋል። የእናቴ መሬት። ጫማዬን አውልቄ ረገጥኳት። ሳቅ ሳቅ አለኝ። ደምለው ያየውን ሁሉ ፍርሃቱ ነው የሠራለት፣ እኔ ደግሞ ከፍርሃቱ ላይ ቀረጥ ሰበሰብኩ አልኩ በልቤ።

ቀና አልኩ።

ያልታረሰችው ቦታ ላይ ቆሟል። ነጭ ጋቢ፤ ጀርባው ወደ እኔ። ነፋሱ ጤፉን ሁሉ ያስተኛል፣ የሱን ጋቢ ግን አይነካውም።

"አንተ! የማን ነህ?" አልኩ። አልዞረም።

የራሱን ጀርባ ያየ ሰው የለም። እኔም አይቼ አላውቅም። ግን አወቅሁት። ቀኝ ትከሻው ዘቅዘቅ ብሏል፤ እህል ስሸከም የኖርኩበት ነው። አንገቱን ትንሽ ሰበር አድርጎታል፣ ዋጋ እንደሚሰማ ሰው።

"ተነስ" አልኩት። "ቃል ሰጥቻለሁ።" ድምፄ አላነቃነቀውም። ከዚያ "ይነሱ" አልኩ፣ በአንቱታ። እንዲያ ስል ራሴን ሰማሁት።

ቀልድ ፈለግሁ። አንድ ብቻ። ባዶ ጎተራ እንደሚያንኳኳ ሰው አፌን ከፍቼ ቆምኩ... አልመጣም።

ጫማዬን እዚያው ትቼ ከተማ ገባሁ። ነገ ጧት ደምለው በዚያ በኩል ያልፋል፤ መነሳቴን ሊያይ። ምን እለዋለሁ? እሱ አይደለም ያስጨነቀኝ። ሽማግሌዎቹ ዛሬ መሬቷን "ለገላው" ብለው መለሷት። ያኛው እዚያ ማሳው ላይ ቆሟል፤ እኔ ሰው ቤት ተጠግቼ እጽፋለሁ።

ለየትኛችን ነው የመለሷት?