«ደም ይድረቅልን» ብንል ጤና ጣቢያ ለመሩን ኃላፊ

ለክቡር የሰላም ፈጠራ ማስተባበሪያ ኃላፊ፣
ደብረ ታቦር

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ እንደምን ሰነበቱ? ለእርስዎ ሙሉ ጤና፣ ለወንበርዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለማይክሮፎንዎም የማይጠፋ መብራት እየተመኘሁ፣ እኔ የጋፋቷ አማረች እጅ ነስቼ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ባለቤቴን አያሌውን በወሰን ጠብ የገደለው ጎረቤታችን ዘውዱ፣ አምስት ሽማግሌዎች ስምንት ወር ሙሉ ደጃችንን ከረገጡና እኔም ልጄ ውባንተም እሺ ካልን በኋላ፣ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ይቅርታ ሊጠይቀን በተቀጠረበት ዕለት፣ እርስዎ አምስቱንም ሆቴል አዳራሽ ጠርተው ዕርቅ እንዴት እንደሚደረግ ስላሠለጠኑልን እናመሰግናለን። ዕርቅ ላይ ጥርሳቸውን የነቀሉት አባ እሸቴ እንኳ፣ ዕርቅ የሚወርደው ቢጫ ወረቀት ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ መሆኑን ሳያውቁ ኖረዋል። ምነው ቀደም ብለው በነገሩን!

ሁለተኛ፣ በዋዜማው «ደማችን እንዲደርቅ ሽማግሌዎቻችን ለአንድ ቀን ይለቀቁልን» ብዬ ያስገባሁትን ማመልከቻ፣ «ጉዳዩ የደም ሕመም ስለሆነ ለጤና ጣቢያ ይመራ» ብለው ስለፈረሙበት ምስጋናዬ ወደር የለውም። ነርሷ ክንዴን ለክታ ግፊቴ ከፍ ማለቱን ነግራኛለች፤ እኔም ከፍ ያደረገውን ሰው ፊርማ አሳይቻታለሁ።

ሦስተኛ፣ ዘውዱ ድንጋዩን እንደተሸከመ ከጠዋት እስከ ማታ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆሞ ዋለ። በእኛ ወግ «አውርድ» የሚለው ሽማግሌ እንጂ የሟች ወገን አይደለም፤ እኔ ልል አፌን ከፍቼ ወግ ያዘኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ጀንበር ስትጠልቅ ራሱ ጥሎት ሄደ። ሳይፈቀድለት መጣል ደግሞ ንቀት ነውና፣ ውባንተ የአባቱን ጠመንጃ ከተሰቀለበት አወረደ። ሽማግሌዎቹ ግን የምስክር ወረቀታቸውን ይዘው በደህና ገብተዋል።

አባ እሸቴ በዚያ ጉልበታቸው ዘውዱ እስከ ሸሸበት እስከ እብናት ወርደው፣ ለመጪው ቅዳሜ ዳግም አሳምነውታል። ልጄንም እስከዚያ እንዲታገሥ እግሩ ላይ ወድቄ አስምዬዋለሁ። ትናንት ታዲያ የእርስዎ የሁለተኛ ዙር ሥልጠና ጥሪ ደረሰን፤ ለዚያው ለቅዳሜ! ኧረ በፈጠረዎት! አዲስ የሰላም ዘዴ ካማረዎ አንድ ልጠቁምዎ፦ አይጥሩን።

ባሏን ቀብራ ልጇን ከመግደልም ከመሞትም ለማትረፍ የምትሟሟት፣ በእርስዎ ትጋት እንቅልፍ ያጣች፣
አክባሪዎ አማረች

ማሳሰቢያ፦ ቅዳሜም ሽማግሌዎቹን ካስቀሩብን፣ በሦስተኛው ዙር ለእኔና ለዘውዱ ሚስት ለገነት ጎን ለጎን ሁለት ወንበር ያስይዙልን፤ ያን ጊዜ እርሷም ጥቁር ለብሳ ትመጣለች።