ድምፁን ከፍ ያደረግሁት እኔ ነኝ

ውድ ሐያት፣

ስሞታዬን ላስቀድም። በሠርግሽ ቀን ከስፒከሩ ጎን ያስቀመጠኝ ማን ነው? ግራ ጆሮዬ እስካሁን ይጮሃል። የሥጋው ሳህን እንኳ እየዘለለ ከእጄ ሊያመልጥ ነበር። የአጎት ክብር ይህ ነው?

ካልሳቅሽ አልፈርድብሽም። ያ ዘፈን ሲጀምር ተነስቼ ስፒከሩን በከዘራዬ ቀጠቀጥኩት። ሊይዘኝ የመጣውን ሙሽራሽንም ክንዱን መታሁት። አንቺ ሂና ያጌጠ እጅሽን አፍሽ ላይ ጭነሽ፣ «አጎቴ፣ ምን ነክቶዎት ነው!» አልሽ። ሽማግሌዎቹ «አንዋር የልጆች ዘፈን አይሆንለትም» ብለው አለሳለሱት። እኔም ተቀበልኩት፤ ምቹ ውሸት ነበር። ይኸው ሦስት ወር ስልኬን አታነሺም።

እርግጥ እኔ የምወደው የካሴት ዘመን ዘፈን ነው። አባትሽና እኔ ሮቢት ከተማ፣ ሻይ ቤት በር ላይ፣ አንድ ሻይ ለሁለት እየጠጣን የሰማነው። ዛሬም ስሰማው ጉልበቴ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። አባትሽ አብዱረሂም ግን አዲስ አዲሱን ይከተል ነበር። «ጋሼ፣ ጆሮህ ጡረታ ወጥቷል» እያለ ይተርበኝ ነበር። ያን ዘፈን ለሠርግሽ የመረጥሽው እሱ ይወደው ስለነበር እንደሆነ አውቃለሁ።

የሞተ ቀንም በሚኒባሴ ያንኑ ከፍቶ፣ ጋቢና ተቀምጦ ያንጎራጉር ነበር። ከካራቆሬ ተነስተን ጀውሃ ሳንደርስ ተኩስ ሰማሁ። ያኔ እኛ ሹፌሮች አንድ ልማድ ነበረን፤ ጥይት ሲንጣጣ ተሳፋሪ እንዳይሸበር ዘፈኑን ከፍ እናደርጋለን። እስከ ጥጉ ከፍ አደረግሁት።

ከኋላ የሽንኩርት ነጋዴዋ እትዬ ጣይባ፣ «አንዋር፣ ቁም እያሉህ ነው! ኧረ ቁም!» እያለች ትጮህ ነበር። በኋላ ነው የነገረችኝ። ማሽላው ዳር የቆሙትን ታጣቂዎች ያየሁት መስታወቱ ፊቴ ላይ ሲረግፍ ነው። አባትሽ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። አንገቱ ተበስቷል፤ ትኩስ ደሙ በደረቴ ወረደ። ነዳሁት። ዘፈኑን ልዘጋ ብል ጣቴ በደም እያዳለጠኝ አቃተኝ። ማጫወቻው እስከ ሮቢት ድረስ አብሮን ዘፈነ።

ለአንቺ «ሳያስጠነቅቁ ተኮሱ» አልኩሽ። ዋሸሁሽ። ቁም ብለው ነበር። የገደሉት እነሱ ናቸው፤ ድምፁን ከፍ ያደረግሁት ግን እኔ ነኝ። በዚያ ዘፈን አንቺ የአባትሽን ሳቅ ትሰሚያለሽ፤ እኔ መስታወቱን።

ቆይ፣ በር ተንኳኳ። በዚህ ቀትር፣ በዚህ ሐሩር ማን ነው?

በመስኮቱ አየሁ፤ ወላሂ አንቺ ነሽ! ከመጣሽበት ባጃጅ ያው ዘፈን ይሰማል። «ዝጋልኝ ወንድሜ፣ አጎቴ የልጆች ዘፈን አይሆንላቸውም!» ትይዋለሽ ሹፌሩን፣ እየሳቅሽ። ያ ምቹ ውሸት ደጄ ድረስ መጣልኝ።

ወረቀቱን አልደብቀውም። ይዤው እየተነሳሁ ነው፤ ከሰላምታው በፊት በእጅሽ አኖረዋለሁ።

አጎትሽ አንዋር